የእናቴ አጓትና የእኔ ፕሮቲን ሼክ

ባለፈው ዓመት የሁዳዴ አራተኛው ሳምንት ነበር። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በምሠራበት ነርሲንግ ሆም (የአረጋውያን መንከባከቢያ)፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ አንድ አዛውንት መጸዳጃ ቤት ላደርስ ከአልጋ ወደ ዊልቸር ሳሻግራቸው ጉልበቴ ከዳኝ። አልወደቅንም። አብራኝ የነበረችው ካሜሩናዊት ባልደረባዬ የወገባቸውን ቀበቶ ጠበቅ አድርጋ ይዛ ሁለታችንንም ደገፈችን። ሰውየውን መልሰን በደህና ካስተኛናቸው በኋላ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ። እጄ ይንቀጠቀጣል። በዚህ ሥራ አሥራ አንድ ዓመት ቆይቻለሁ፤ እንዲህ ሆኜ አላውቅም።

«ምን በልተሽ ነው የመጣሽው?» አለችኝ ባልደረባዬ። ነገርኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግማሽ እንጀራ በጎመን፤ ሥራ ከገባሁ በኋላ ደግሞ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሁለት ቁራጭ ዳቦ በሻይ። ጾም ላይ መሆኔን ስለምታውቅ አልተከራከረችኝም። ቦርሳዋን ከፍታ ክዳን ያለው ጠርሙስ አሳየችኝና «እኔን ያቆመኝ ይሄ ነው» አለች። ፕሮቲን ሼክ ነበር፤ በፈሳሽ ተመትቶ የሚጠጣ የፕሮቲን ዱቄት። ወተት አለበት ወይ ብዬ ጠየቅኳት፤ እርግጠኛ አልሆነችም። አልጠጣሁም። ግን ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስወጣ ጥያቄው አብሮኝ ወጣ፤ ይህን ሁሉ ሰው ይህን ዱቄት እንዲጠጣ የሚያደርገው ምንድን ነው?

እስከዚያ ድረስ ፕሮቲን ሼክን የጂም ልጆች መጠጥ አድርጌ ነበር የማየው። ትልቅ ጥቁር ዕቃ በክንዳቸው አቅፈው ከሱቅ የሚወጡ ወጣቶች ናቸው በዓይኔ የሚመጡት። ያንኑ ነገር ግን እኔ ራሴ በየማታው በእጄ ይዤ ሰው ሳጠጣ ኖሬያለሁ። በትንሽ ጠርሙስ ስለሚመጣና እኛ ዘንድ «ሰፕልመንት»፣ ተጨማሪ ምግብ፣ ስለሚባል አንድ መሆናቸው አልታየኝም ነበር።

እኛ ጋ እያንዳንዱ ነዋሪ በየወሩ ይመዘናል፤ የሚያሳስብ ሲኖር በየሳምንቱ። አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ አምስት በመቶ፣ ወይም በስድስት ወር አሥር በመቶ ከቀነሰ ነገሩ እንደ ከባድ ታይቶ ለሐኪሙና ለምግብ ባለሙያዋ ይነገራል። አንድ አባት ነበሩ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ ብዙውን ነገር እተወዋለሁ። ሆስፒታል ተኝተው ሲመለሱ ሱሪያቸው ከወገባቸው ይንሸራተት ነበር፤ ከጀርባቸው ግርጌ ደግሞ ከመተኛት የመጣ ቁስል ነበረባቸው። ትሪው ሲቀርብላቸው ሁለት ማንኪያ የተፈጨ ድንች ይቀምሱና «በቃኝ» ይላሉ። ሥጋውን አይነኩትም፤ ማኘኩ ያደክማቸዋል።

የምግብ ባለሙያዋ በቀን ሁለት ጊዜ ሼክ አዘዘችላቸው፤ በምግብና በምግብ መካከል። ከምግብ ጋር ከተሰጣቸው ሆዳቸው በመጠጡ ይሞላና ያቺን ሁለት ማንኪያም ይተዋታል። የማታው የእኔ ድርሻ ነበር። እንጆሪ ጣዕም ያለውን ነው የሚወዱት፤ በጣም የቀዘቀዘ መሆን አለበት። የአልጋውን ራስጌ ቀና አደርጋለሁ፤ ፎጣ ደረታቸው ላይ አነጥፋለሁ፤ ጠርሙሱን በግራ፣ ስትሮውን በቀኝ እጄ ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ። አንዴ ይስባሉ፤ ይውጣሉ፤ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ጉሮሯቸው ከፍ ብሎ ሲወርድ ካየሁ በኋላ ነው ስትሮውን መልሼ የማቀርበው። ቸኩዬ ደግሜ ካቀረብኩ ትን ይላቸዋል። ሩብ ሊትር የማይሞላ ጠርሙስ አርባ ደቂቃ ይፈጅብናል። በዚህ መሐል ሌሎች ነዋሪዎች ደወል ይደውላሉ፤ ጆሮዬ እዚያ፣ ዓይኔ ጉሮሯቸው ላይ። አንዳንድ ማታ ግማሹ ይቀራል። ያንንም እጽፈዋለሁ፤ «ሃምሳ በመቶ» ብዬ።

ከሳምንታት በኋላ ክብደታቸው መውረዱን አቆመ። ቁስሉም ከዳር ከዳር ሮዝ ቆዳ እያበጀ መጣ። ሼኩ ብቻውን አዳናቸው አልልም፤ በየሁለት ሰዓቱ እናገላብጣቸው ነበር፣ ነርሷም ቁስሉን በየጊዜው ታጸዳለች። ሆኖም ሰውነት አዲስ ሥጋ የሚሠራበት ነገር ካላገኘ ቁስል አይገጥምም። የአልጋ ቁስል ላለበት ሰው በክብደቱ ልክ በኪሎ ከ1.25 እስከ 1.5 ግራም ፕሮቲን በቀን የሚመከረው ለዚህ ነው። ለጤነኛ ጎልማሳ የሚመከረው 0.8 ነው። ማለትም የታመመው ሰው የሚያስፈልገው ከጤነኛው እጥፍ ሊጠጋ ነው፤ የሚበላው ግን ሩቡን አይሆንም።

ያልታመሙ አዛውንቶችም ቢሆኑ በኪሎ ከ1 እስከ 1.2 ግራም እንዲያገኙ የሚመክሩ ባለሙያዎች አሉ። ምክንያቱም ሰው ዕድሜው ሲገፋ ከተመሳሳይ ምግብ ጡንቻው የሚጠቀመው እያነሰ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣ አንድ ጥናት 12 ጤነኛ አዛውንቶች አሥር ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ከእግራቸው ጡንቻ ብቻ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ አጥተዋል። አሥር ቀን! ይህን ሳነብ ስንቱ ነዋሪ በእግሩ ሆስፒታል ሄዶ በዊልቸር እንደተመለሰ ታሰበኝ። የአገራችን ሰው ሽማግሌ አባቱ ምግብ ሲቀንስ «ዕድሜ ነው፣ ምን ይበላል ብለሽ» ይላል። እኔም እል ነበር። አሁን አልልም።

ከዚያች ሌሊት በኋላ ያቺን የምግብ ባለሙያ በእረፍቷ ሰዓት አገኘኋት። የሦስት ቀን ምግብሽን ጽፈሽ አምጪ አለችኝ። ጻፍኩ። የጤፉን፣ የዳቦውን፣ የፓስታውን አንድ በአንድ አስልታ ስትጨርስ የመጀመሪያው ቀን 27፣ ሁለተኛው 31፣ ሦስተኛው 29 ግራም ፕሮቲን ሆነ። እኔ 64 ኪሎ ነኝ። ቢያንስ 51 ግራም ያስፈልገኛል፤ ያውም ሌሊቱን ሙሉ ሰው የማላነሳ ብሆን ነው። ግማሹን ትንሽ ባለፈ ነገር ነበር ሃያ ምናምን ቀን የቆየሁት።

መጀመሪያ የመጣብኝ ሐሳብ ጾሙን መውቀስ ነበር። የእኛ ጾም ለምእመን በዓመት ወደ 180 ቀን ይደርሳል፤ ሁዳዴው ብቻ 55 ቀን ነው። ግን ወረቀቱን ደግሜ ሳየው ጥፋቱ የጾሙ አልነበረም። ሦስቱም ቀን ላይ ምስር የለም። ሽሮ የለም። አተር የለም። ጎመን፣ ድንች፣ ቲማቲም ያለበት ፓስታ፣ ዳቦ በሻይ። እናቴ ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለው መንደራችን ስትጾም የሽሮ ድስት ከምድጃ አይወርድም ነበር፤ ስልጆም አለ፣ ባቄላም አለ፣ የሱፍ ፍትፍትም አለ። የአገሬን ጾም ይዤ መጥቼ የአገሬን ድስት ትቼ ነበር የምጾመው። ምክንያቱ ድካም ነው። ጠዋት ሦስት ሰዓት ተኝቶ ዘጠኝ ሰዓት የሚነሳ ሰው፣ ከዚያም ወደ ሥራ መንገድ የሚገባ፣ ሽሮ ለማንተክተክ ጊዜ የለኝም ይላል፤ ከፍሪጅ ያገኘውን ይበላል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ግማሽ ኩባያ ጥሬ ምስር፣ ወደ 100 ግራም ማለት ነው፣ 24 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። አንድ ስኩፕ፣ ማለትም በዱቄቱ መስፈሪያ አንድ ማንኪያ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 25 ግራም ነው የሚሰጠው። እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። የሽሮ ዱቄት በ100 ግራም ወደ 20፣ ጤፍ ወደ 13። እንጀራ በሽሮ ስንበላ ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ጥራጥሬው የሚጎድለውን እህሉ ይሞላል፣ እህሉ የሚጎድለውን ጥራጥሬው። ይህን አያቶቻችን በላቦራቶሪ አልለኩትም፤ ማዕዱ ላይ ግን አንድ ላይ አስቀምጠውታል።

ታዲያ ምስሩ ይህን ያህል ከሆነ ዱቄቱ ለምን አስፈለገ? እረፍቴ ሃያ ደቂቃ ስለሆነ። ማይክሮዌቩ ጋ ሰው ስለሚሰለፍ። ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ የሚበላ ሳይሆን የሚጠጣ ነገር ብቻ የሚወርድልኝ ማታ ስላለ። ከዚህ የተለየ ምክንያት የለኝም፤ ይህ ግን ለእኔ በቂ ምክንያት ነው።

መግዛት ስጀምር ነው የዱቄቱን ምንነት ያወቅኩት። ሱቅ ገብቼ ዕቃዎቹን ሳገላብጥ አብዛኞቹ ላይ «ዌይ» ይላል። ዌይ ምን እንደሆነ ስልኬ ላይ ፈልጌ ሳነበው እዚያው መደርደሪያው ሥር ቆሜ ቀረሁ። አጓት ነው። ወተት አይብ ሆኖ ሲረጋ የሚቀረው ፈሳሽ፤ እኛ አጓት የምንለው።

የልጅነቴ ነገር መጣብኝ። እናቴ እርጎውን በቅል ንጣ ቅቤውን ታወጣለች። የቀረውን አሬራ በለስላሳ እሳት ትጥደዋለች፤ ቀስ እያለ አይቡ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ ከሥሩ ቢጫ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ውሃ ይቀራል። ለብ ሲል በጣሳ ለእኛ ለልጆቹ ትቀዳለች፤ የተረፈው ለጥጃ ነው፣ ከዚያም ለውሻ። ዋጋ ያለው ነገር ነው ብሎ ያሰበ ማንም አልነበረም። እዚህም ድሮ እንደዚያው ነበር፤ የአይብ ፋብሪካዎች አጓቱን ለአሳማ ይሰጡ፣ ወንዝ ውስጥም ይደፉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጣም ረቂቅ በሆነ ማጣሪያ ፕሮቲኑን ከውሃው መለየት ሲቻል ነው ዱቄቱ ገበያ የወጣው። አጓት በአብዛኛው ውሃ ነው፤ ፕሮቲኑ ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። የአንድ ስኩፕ ያህል ፕሮቲን ለማግኘት ወደ ሦስት ሊትር አጓት ይፈልጋል።

ያን ቀን ቅዳሜ ስለነበር ማታ ለእናቴ ደወልኩ። «እማዬ፣ እዚህ ሰው በውድ ዋጋ የሚገዛው ዱቄት አጓት ነው» አልኳት። ዝም አለች። «እንዴት አድርገው አደረቁት?» አለችኝ ቀጥላ። የማውቀውን ያህል አስረዳኋት። «ያሳደጋችሁ እሱ ነው እኮ» አለች፤ «ላሟ ስትነጥፍ የምትከሱት ለዚያ ነበር።» ቀጥላም የምፈራውን ጠየቀች፦ «ታዲያ በጾም ልትጠጪው ነው?»

አልጠጣውም። አጓት የወተት ነው፤ የፍስክ ነው። ይህን የምጽፈው ብዙ ጾመኛ ወንድሞችና እህቶች ዱቄት ስለሆነ ብቻ የጾም መስሏቸው ሲጠጡት ስላየሁ ነው። ዌይ የሚለውም፣ ኬዚን የሚለውም ከወተት ነው። የወተት ፕሮቲን ሰማንያ በመቶው ኬዚን፣ ሃያ በመቶው ዌይ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው ሕግ ምክንያት ወተት ያለበት ማንኛውም የታሸገ ምግብ ሌብሉ ላይ «ሚልክ» ብሎ መጻፍ አለበት፤ ከንጥረ ነገሮቹ ዝርዝር ውስጥ ወይም ከሥሩ ፈልጉት። ላክቶስ ፍሪ የሚለው አያታልላችሁ፤ ስኳሩ ወጣ ማለት እንጂ ወተትነቱ ቀረ ማለት አይደለም። የጾም የሚሆነው የአተር፣ የአኩሪ አተር፣ የሩዝ ፕሮቲን ነው።

እኔ የያዝኩት የአተሩን ነው። በውሃ ብቻ ሲመታ ጣዕሙ ያልበሰለ ሽሮ ይመስላል፤ ምላስ ላይም አሸዋ አሸዋ ይላል። ሦስት ቀን ታግዬ ልተወው ስል እናቴ በሰው የላከችው በሶ ትዝ አለኝ። አንድ ስኩፕ የአተር ፕሮቲን፣ ሁለት ማንኪያ በሶ፣ ትንሽ ማር፣ አንድ ኩባያ የአኩሪ አተር ወተት፣ ሦስት ፍሬ በረዶ። በሶው የአተሩን ሽታ ይሸፍነዋል፤ ውፍረትም ይሰጠዋል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለችው የሽቦ ኳስ ዱቄቱ እንዳይጓጉል ትመታዋለች፤ ጥቂት ደቂቃ አስቀምጬ ደግሜ እመታዋለሁ፣ በሶ ውሃ እስኪጠጣ ጊዜ ይፈልጋል። አኩሪ አተሩ ወደ 7 ግራም፣ ስኩፑ 24፣ በሶውም የራሱን ይጨምራል፤ በአንድ ጠርሙስ ከ30 ግራም አያንስም።

የወንድሜ ልጅ አብሮኝ ነው የሚኖረው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ጠዋት ኮሌጅ፣ ከሰዓት ፓርኪንግ ሥራ፣ ማታ ጂም። እሱ ዌይ ነው የሚጠጣው፤ በቀን ሦስት ስኩፕ። ለምን ሦስት እንደሆነ ስጠይቀው «በበዛ ቁጥር ጡንቻው ቶሎ ይመጣል» አለኝ። ቁጭ ብለን አሰላን። 72 ኪሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 49 ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ሥራ አለ፤ ክብደት ለሚያነሳ ሰው በኪሎ 1.6 ግራም ገደማ ከደረሰ በኋላ የሚጨመረው ፕሮቲን በአማካይ ለጡንቻው የጨመረው ነገር አልታየም። ለእሱ 115 ግራም ማለት ነው። በዶሮውና በእንቁላሉ ብቻ ወደ 90 ግራም ይደርሳል። የሚጎድለው አንድ ስኩፕ ነው። ሁለቱ ስኩፕ በየወሩ ከደመወዙ የሚወጣ ገንዘብ ነው፣ ሆዱንም የሚነፋው እነሱ ናቸው።

ልጁ ወዲያው አልተቀበለኝም። ትንሽ ቆይቶ ግን ስልኩን አስቀምጦ «አክስቴ፣ እዚህ እንደመጣሁ ትምህርት ቤት አጥንት ነበር የሚሉኝ» አለኝ። አራት ዓመት አብረን ስንኖር አልነገረኝም ነበር። ምን እንደምመልስለት ስላላወቅኩ ትከሻውን ያዝኩት። ከዚያ በኋላ ስለ ግራም አላወራሁም። በሳምንቱ አንድ ስኩፕ ብቻ ሲመታ አየሁት፤ እኔም ጠዋት ከሥራ ስገባ ሁለት እንቁላል በቃሪያ ጠብሼ በዳቦ ጠቅልዬ እሰጠው ጀመር።

ሌላው ያሳሰበኝ አገር ቤት የሚላከው ነው። የእናቴ ታናሽ እህት አዲስ አበባ ናት፤ ስኳር አለባት፣ ኩላሊቷም ከጀመራት ቆይቷል። የጎረቤቷ ልጅ ከውጭ ለእናቱ ይህን ዱቄት ልኮ «አበረታት» ሲሉ ሰማችና «ለእኔም ላኪልኝ» አለችኝ። እምቢ ማለት ከበደኝ፤ ሰስቼ እንዳይመስላት። ግን ዲያሊሲስ (ደምን በማሽን ማጣራት) ያልጀመረ የኩላሊት ሕመምተኛ ብዙ ጊዜ ፕሮቲን ቀንስ ነው የሚባለው፤ ዲያሊሲስ የጀመረ ደግሞ ጨምር ይባላል። አንዱን የሚረዳው ሌላውን ይጎዳል። «ሐኪምሽን ጠይቂና የሚለውን ንገሪኝ» አልኳት። ጠየቀች። ተዪው አሏት። እባካችሁ፣ ሻንጣ ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት የምትልኩለትን ሰው ኩላሊት ጠይቁ።

ደግሞም ይህ ዱቄት አሜሪካ ውስጥ እንደ መድኃኒት አይደለም የሚታየው። እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት ተብሎ የሚሸጥ ነገር ገበያ ከመውጣቱ በፊት የኤፍዲኤ፣ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ ፈቃድ አያስፈልገውም። ስለዚህ እኔ የማየው እንደ ኤንኤስኤፍ ያለ ገለልተኛ መርማሪ ምልክቱን ያስቀመጠበትን ነው። ትንሽ ይወደዳል። በየቀኑ ወደ ሆዴ ለማስገባው ነገር ግን አልሳሳም።

የዘንድሮውን ሁዳዴ የጀመርኩት በድስት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አንድ ትልቅ ድስት ምስር፣ አንድ ድስት ሽሮ እሠራለሁ፤ በየቀኑ ለይቼ በዕቃ አስቀምጣለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ስነሳ ማሞቅ ብቻ ነው። ሼኩን ከምሽቱ አራት ሰዓት፣ እረፍት ክፍል ውስጥ እጠጣዋለሁ። ድካሙ አልጠፋም፤ ጾም ነው፣ ሌሊት ነው። ጉልበቴ ግን ያዘኝ። ካሜሩናዊቷ ባልደረባዬ በሶውን ቀምሳ ወዳዋለች፤ አገሯ ካለው ከበቆሎ ከሚሠራ ገንፎ ጋር አመሳሰለችው።

ትናንት እናቴ ደወለች። «ያ ዱቄት አሁንም አለሽ?» አለችኝ።

«አለ፣ እማዬ።»

«በሶውስ?»

«ወደ ማለቁ ነው።»

«ገብሱን ቆልቼ አስፈጭቼዋለሁ» አለች፤ «የሚመጣ ሰው ፈልጊ።»